መቶ ሠላሳ ሁለት ባር ዝምታ

ፒያኖ ኦርኬስትራ ውስጥ ንጉሥ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። እኔ የምቀመጠው ከኋላ፣ ከከበሮውና ከግድግዳው መሃል ነው። መሪውን የማየው በሁለት ትሮምቦን ነፊዎች ትከሻ መካከል ነው፤ አንዱ ዘንበል ካለ ጨርሶ ይጠፋብኛል። ከፊት ያሉት የሚጫወቱት ደግሞ እኔ ጋ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ጆሮዬን ካመንኩ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ያለኝ ዓይኔና ቁጥሬ ብቻ ነው።

ሰሞኑን በያዝነው ሥራ ውስጥ የኔ ድርሻ መቶ ሠላሳ ሁለት ባር ዝም ብሎ መቁጠር፣ ከዚያ ስምንት ባር መጫወት ነው። አንዱ ባር አራት ምት ነው፤ እንግዲህ አስቡት። እህቴ ይህን ስነግራት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለኔም ፈልጊልኝ ብላ ሳቀችብኝ።

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ የተቀመጡት ሃርፕ የሚባለውን ትልቅ በገና የሚጫወቱት ጋሼ ነበሩ። እሳቸውም እንደኔ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ባይ ናቸው። በየሃያው ባር ከጉልበታቸው ላይ አንድ ጣት ያነሣሉ፤ ያችን ጣት ሳይ ልቤ ይረጋል። ከዚህ ሌላ ብዙም አናወራም። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የኔ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ወር እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አስቸገራቸውና ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ላይ ስደርስ ዓይኔ ወደ ባዶው ወንበር ይሄዳል፤ ቁጥሩም እዚያው ይጠፋብኛል። በአንዱ ልምምድ ሁለት ባር ቀድሜ ገባሁ። በሚቀጥለው ጭራሽ ሳልገባ ቀረሁ። መሪው ሙዚቃውን አስቁሞ፣ ነገም እንዲህ ከሆነ የፒያኖውን ክፍል እንደሚያስቀረውና ኮንሰርቱ ያለኔ እንደሚካሄድ በለሰለሰ ድምፅ ነገረኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ተቀምጠዋል። እንዴት እንደሚቆጥሩ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

«እኔ እኮ ቆጥሬ አላውቅም» አሉ።

«ጣትዎን ያነሡ የለ እንዴ ጋሼ?»

«አንቺ ሃያ ላይ ስትደርሺ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ። እሱን ስሰማ ነው የማነሣው። አንቺን ተማምኜ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።»

ሳቄ መጣ፤ ማፈራቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ቆጠርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ ጋሼ ያሉት ትንፋሽ ከደረቴ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አርባ ላይም መጣ፣ ስድሳ ላይም። ወደ ወንበሩ አላየሁም። ጊዜዬ ሲደርስ በልኩ ገብቼ ስምንቱን ባር ተጫወትኩ። መሪው ቀና እንኳ ሳይል አለፈ፤ እሱ ዘንድ ይሄ ምስጋና ነው። ቦታዬ ተረፈልኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ብሳሳት ኖሮ፣ ጋሼ ሊያጽናኑኝ ብለው ነው እንዲህ ያሉኝ እንጂ የሚቆጥሩልኝስ እሳቸው ነበሩ እል ነበር። አልተሳሳትኩም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን ነበርኩ።