የመመለሻ ቻርጅ

አይሆንም፣ አስር ከመቶ ቻርጅ አይበቃኝም፣ ለእሱ ቁጥር ነው፣ ለእኔ መንገድ ላይ መቅረት ነው፣ ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ ያደርጋል፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ እህቴ፣ እህቴ ይለኛል፣ መቼ ተዋወቅንና። ውሉን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቆማ ስትውል ከመብራት ድርጅቱ መስመር ጋር ትሰካለች፣ መብራት ርካሽ ሲሆን ይሞሏታል፣ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲያበራ ከባትሪዋ ይቀዳሉ፣ አስር ከመቶ እስኪቀራት ድረስ፣ ለእኔ በየወሩ ይከፍላሉ። ግሩም ነው። ቆማ ከምትውል ትሥራ፣ እኔ እንደሆነ ከእነሱ በፊት ጀምሬዋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም ትደውልልኛለች፣ አንቺ ልጅ ድረሽልኝ፣ ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ቀርቷል፣ ከመኪናዬ በመስኮት የመብራት ገመድ እዘረጋለሁ፣ መሰርሰሪያው ይጮኻል፣ በሰዓት ታስብልኛለች። መጀመሪያ ቀን ግን እንጨት ቤት ሄጄ መጋዙ ሲዞርልኝ በደስታ ሰክሬ ባትሪውን እስከ መጨረሻ ጠብታው ሸጥኩላቸው፣ አናጢዎቹ ሰጋቱራቸውን ሳያራግፉ መኪናዋን እየገፉ ቤቴ አደረሱኝ፣ ነጋዴዋ፣ ነጋዴዋ እያሉ፣ ይበሉ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አርባ ከመቶው አይነካም።

አርባው የእማዬ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ደርሶ መልስ። በታክሲ ትሂድ ይሉኛል፣ ከእጥበት ስትወጣ እንኳን ሦስት ታክሲ ልትቀያይር የሆስፒታሉን ደረጃ መውረድ ያቅታታል፣ እፈራለሁ፣ አዎ፣ አንድ ረቡዕ ባትሪው ባዶ ሆኖ እንዳላገኘው እፈራለሁ።

አብሮኝ የመጣው ወንድሜ በክርኑ ይጎሽመኛል፣ ፈርሚ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሻል፣ አንተ ደግሞ ዝም በል፣ አንድ ቀን ተሸክመሃት ወርደህ ታውቃለህ? ድምፅ አላወጣም፣ በዓይኔ ነው የምለው፣ ይገባዋል፣ ጫማውን ያያል።

ጌታዬ፣ አስሯን አርባ ያድርጉልኝ። አይቻልም እህቴ፣ ሲስተሙ ነው። ሲስተሙ! ሲስተሙን የሠራው ሰው እናት የለውም? ሁሉም እንደ እርስዎ ካለ ከተማውን ጨለማ ሊውጠው ነው፣ ይላል፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከተማውን በእኔ አንድ መኪና ላይ ጫነው፣ ስልሳውን ይውሰድ አልኩ እንጂ መቼ ከለከልኩት።

እስክሪብቶውን አነሳለሁ፣ የሥራ አስኪያጁ ፊት ፈካ ይላል፣ ወንድሜ እፎይ ይላል፣ አስር የሚለውን እሰርዛለሁ፣ አንዴ አይደለም፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ፣ አርባ ብዬ እጽፋለሁ፣ በፊደል፣ እንዳይነካኩት፣ ከዚያ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ እፈርማለሁ፣ ውሉን አበላሹት እኮ እህቴ፣ አስተካከልኩት እንጂ፣ አዲስ ቅጽ ላምጣ? ያምጡ፣ መደርደሪያውን ሙሉ ያምጡ፣ አርባ ነው የምጽፈው።