ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ምዕመናን የጸሎት ርዕሳቸውን ስም ሳይጠቅሱ ይጽፉና እጥፍጥፍ አድርገው ይከቱበታል። እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ክዳኑን ከፍቼ፣ እጄን ሰድጄ፣ እጄ የደረሰበትን አምስት ወረቀት አወጣለሁ፤ አነባለሁ፤ አብረን እንጸልያለን። ያልወጣው ለሌላ ሳምንት ይቀመጣል። ቀድሜ አላይም፣ አልመርጥም። "ብመርጥ አዳላለሁ፤ እጄን የሚመራው እሱ ይምራው" እያልኩ በዚህ ሥርዓት ስንት ጊዜ ተመጻድቄበታለሁ።

አዳራሻችን ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ፎቁ ላይ ነው። ስብከቴ ደህና ቦታ ሲደርስ ከታች የአየር መሙያው ሞተር ይነሳና ያንባርቃል። ሕፃናቱ ካልተቆጠሩ አርባ አንሞላም፤ ስለዚህ ሁሉም የሁሉንም ሳል ለይቶ ያውቃል። እማማ አሜን የምንላቸው አሮጊትም አሉን። ጸሎቱ ሳያልቅ፣ አንዳንዴም ሳይጀመር፣ "አሜን!" ይላሉ።

ያን እሁድ ሦስተኛውን ወረቀት ዘረጋሁና በሙሉ ድምፄ ማንበብ ጀመርኩ። "ባሌ መጸለይ ካቆመ ቆይቷል።"

ክው አልኩ። ካሬ ካሬ የተሰመረበት የደብተር ወረቀት ነው፤ ፊደሎቹ ድቡልቡል ያሉ። ባለቤቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሕፃናት ፊደል ስትጽፍ የኖረች እጅ እንዴት ትጠፋኛለች? ግን ካቆምኩ ይታወቅብኛል። ቀጠልኩ። "ሰው ፊት ሲሆን አሳምሮ ይጸልያል። ቤት ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንነጋገርም። እባካችሁ ጸልዩለት።"

ደህና ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ዝም ይል ነበር። እኔ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ "የዚህ ቤት አባወራ፣ ዛሬ እዚህ ካለህ ጌታ እየተናገረህ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። እማማ አሜን "አሜን!" አሉ። ባለቤቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ነበር።

እውነቱን ልናገር። ምንም የደረሰብኝ ነገር የለም። ሰው አልሞተብኝም፣ እግዚአብሔርንም አልተቀየምኩም። ብቻ አንድ ጠዋት ተንበርክኬ አፌን ስከፍት የወጣው የመድረኩ ድምፄ ሆነ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ለአርባ ሰው ስጸልይ ራሴን ሰማሁት። አፈርኩና ተነሳሁ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ መንበርከኩም ቀረ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አያርፍም፤ የታመመ ስጠይቅ፣ ስልክ ስደውል፣ ወንበር ስደረድር፣ ያልተበላሸ ማይክ ፈትቼ ስገጥም እውላለሁ። ሰዉ "ትጉህ ፓስተር" ይለኛል። ሽሽት ነው እንጂ ምን ትጋት አለበት?

ሰኞ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ደወለ። "ፓስተር፣ በእናትህ፣ የኔዋ ናት እንዴ የጻፈችው?" ማክሰኞ የታክሲ ሹፌሩ መኪናውን በሬ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ "እኔ በልቤ ነው የምጸልየው፤ ይሄን ንገርልኝ" ብሎኝ ሄደ። ያንን ወረቀት የሰማ ባል ሁሉ የራሱን ሚስት ጠርጥሯል። ከእኔ በቀር ሁሉንም የሚያስቅ ነገር ነበር፣ እስከ ረቡዕ።

ረቡዕ ወደ በያጁ ወንድማችን ሄድኩ። የረቡዕን የቤት ለቤት ጸሎት ስምንት ዓመት የመራው እሱ ነው፤ ሲጸልይ መስኮት ያርገበግባል። ያን ዕለት ግን "አልመራም" ብሎ ልኮብኛል። ወርክሾፑ ውስጥ ግማሽ የደረሰ የብረት በር ፊት ቆሞ አገኘሁት፤ የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ከጋዝ ሲሊንደሮቹ ጀርባ ካርቶን ተነጥፎ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ተጣጥፏል።

"ከእሁድ ጀምሮ እዚህ ነው የማድረው" አለኝ። "ስምንት ዓመት ሙሉ ሚስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትታዘበኝ ኖራለች ማለት ነው። ፊት ለፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በሳጥን!"

"እሷ ምን አለች?"

"አልጻፍኩም ትላለች። ምን ልትል ነው ታዲያ?" ጓንቱን አውልቆ ቀረበኝ። "አንተ ወረቀቱን አይተኸዋል። የሷ እጅ አለመሆኑን ብቻ ንገረኝ። አንድ ቃል። አሁኑኑ ብርድ ልብሴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።"

ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን "አይደለም" ብዬ ብመልስለት "ታዲያ የማን ነው?" ይለኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ወንድሜ፣ የሳጥኑን ምሥጢር መጠበቅ አለብኝ። ሥርዓታችን ነው" አልኩት።

ጭንብሉን ወደ ፊቱ መለሰው። እኔም ከእሳቱ ብልጭታ ፊቴን አዙሬ ወጣሁ። የቤቴን መታጠፊያ ሁለቴ አልፌው ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የበያጁ ሚስት ቤታችን መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር የመጣችው።

"ፓስተር፣ እርስዎ ይመስክሩልኝ" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ሳጥኑ ውስጥ ለሱ የጻፍኩት ቢኖር ከሳሉ ማርልኝ የሚል ብቻ ነው። ልጆቹ አባዬስ ሲሉኝ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ስንት ቀን ልዋሽ?"

ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ "አይዞሽ፣ ነገ ይስተካከላል" አልኩ። ያቺ ምስኪን አመስግናኝ ወጣች።

"ነገ ምኑ ነው የሚስተካከለው?" አለች ባለቤቴ።

"አንቺስ ብትሆኚ፣ የራስሽን ባል እንዴት ሳጥን ውስጥ ትከቺዋለሽ?" ጮህኩባት፤ ሳምንቱን ሙሉ ያመቅኩት ወጣ።

"ላንተ ብነግርህማ ወንበር ልትደረድር ትሄዳለህ" አለችኝ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ።

ወንበር ልደረድር ሄድኩ።

እሁድ በያጁ መጣ። ግን ሚስቱና ልጆቹ በግራ በኩል፣ እሱ በቀኝ በኩል በሩ ሥር ተቀመጠ። ይህን ከተናገርኩ ይህችን መድረክ ላጣት እችላለሁ፤ ካልተናገርኩ ያ ሰው ዛሬም ካርቶን ላይ ያድራል። ሳጥኑን ሳልከፍት አጠገቡ ቆምኩ።

"ያለፈው እሁድ ወረቀት ስለ እኔ ነው" አልኩ። "የጻፈችው የኔ ሚስት ናት። መጸለይ ያቆምኩት እኔ ነኝ።" የአየር መሙያው ሞተር ምነው አሁን በተነሳ ብዬ ተመኘሁ፤ ዝም አለ። ወደ በሩ ዞርኩ። "ረቡዕ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ለስሜ ፈርቼ ቤትህን በተንኩ። ይቅር በለኝ። ሚስትህንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።" "ዛሬ እናንተ ጸልዩልኝ። ከዚያ ፓስተራችሁ ልሁን አልሁን ተመካከሩበት።"

እማማ አሜን እንኳ ዝም አሉ። በያጁ ብድግ አለ፤ ጥሎ ሊወጣ መሰለኝ። እሱ ግን አዳራሹን አቋርጦ ወደ ግራ ሄደ፣ ትንሿን ልጁን ከሚስቱ ጭን ላይ አንስቶ አቀፈና ጎኗ ተቀመጠ። መስኮት የሚያርገበግበው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፤ ለመስማት ጆሯችንን ቀሰርን።

"ጌታ ሆይ" አለ። "እኔም እኮ ቤት ውስጥ አልጸልይም ነበር። ሁለታችንንም እየን።"

ከዚያ እማማ አሜን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግይተው፣ ቀስ ብለው "አሜን" አሉ።

ሽማግሌዎቹ "በሳምንቱ መጨረሻ እንነጋገራለን" ብለውኝ ወረዱ። አዳራሹ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ብቻ ቀረን።

"መቼ ነው የጻፍሽው?" አልኳት።

"የትኛውን?"

ሳጥኑን ወንበር ላይ ገለበጥኩት። ካሬ የተሰመረበት ወረቀት አንድ ወጣ፣ ሌላ ወጣ፣ ከሥር ቢጫ የሆኑም ወጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ "ባሌ መጸለይ ካቆመ..."። እሁድ እሁድ ስትከት ኖራ እጄ የደረሰው አንዴ ብቻ ነው። አንዱ ወረቀት ግን አዲስ ነበር፤ ጠዋት የገባ። ዘረጋሁት።

"ዛሬ ይናገር። ባይናገርም አታሳፍረው።"

ገና መደርደር የነበረበት ወንበር ሞልቷል። ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። እሷም መጥታ ጎኔ ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ" አልኩ፤ ቀጥሎ የሚመጣ ቃል አልነበረኝም። አልተነሳሁም።