የሳሎኑ አውቶቡስ የቆመበት ጠዋት

የሠፈሩ ሰው «ጋሽ ደቂቃ» የሚለው በከንቱ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ደቂቃ አላረፈደም። ፀሐይ ራሷ አንዳንድ ጠዋት የሱን ክላክስ ሰምታ ደንግጣ ነው የወጣችው ይባላል። ይባላል ሲባል፣ የሚለው እሱ ነው። «ተበላሽቶብህ አያውቅም?» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «በኔ እጅ? ሞተር ይፈራኛል እኮ!»

ጡረታ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው። በሰባት ወር ውስጥ የግቢውን በር ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባ፤ የማያፈስ ቧንቧ ፈታትቶ የሚያፈስ አደረገው፤ የጎረቤቱን ድመት እንኳ በሰዓት እንድትበላ ሊያስለምዳት ሞክሮ ድመቷ ሠፈር ቀየረች።

ሚስቱን ሁሉም ሰው «ቲቸር» ይላታል፤ እሱም ጭምር። ዕድሜዋን በሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ኖራ፣ አሁን የራሷን እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ልትከፍት ተነስታለች። ፈቃድ ሰጪዎቹ ያሏት ነገር አጭር ነበር፤ እስከ አርብ ስድስት ልጅ ከሞላ ይከፈታል፣ ካልሞላ አይከፈትም። አምስቱ ተመዝግበዋል። የቀረችው እዚያው ሠፈር የምትኖር የአንዲት ነርስ ልጅ ናት። ትንሽ ስለሆነችና የያዘችውን ስለማትለቅ እናቷ «ጉንዳን» ነው የምትላት። ሁለት ቦታ ተሞክራ ሁለቱም ቦታ አልቅሳ ወጥታለች። ነርሷ ቁርጡን ተናግራለች፤ «ሐሙስ ጠዋት አመጣታለሁ። ከተቀመጠች እፈርማለሁ። ካለቀሰች ግን ይዣት መሄዴ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት ቲቸር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘርግታ የሐሙስን ዕቅድ በእርሳስ ስትጽፍ፣ ጋሽ ደቂቃ ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አሰገገ።

«ውሃ መቅዳቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሲፈልጉ።»

«ሲፈልጉ? አንቺ ሴትዮ፣ ሲፈልጉ የሚባል ሰዓት የት አለ? እኔ እዚህ ግድግዳ ላይ አላየሁም።»

«ልጅ የሚማረው ሲጫወት ነው። ጨዋታ ደግሞ ደወል አይወድም።»

«ጨዋታ ነው የምትፈልጊው? ቆይ፣ ጨዋታ እሰጥሻለሁ!»

ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ በጥቁር ማርከር አገር የሚያስተዳድር የሚያህል ዕቅድ አወጣ። ጠዋቱ በሙሉ አውቶቡስ ሆነ። አንደኛ ፌርማታ፣ የሸሚዝ ቁልፎችን በቀለም መለየት። ሁለተኛ፣ ውሃ መቅዳት። ሦስተኛ፣ አሸዋ። አራተኛ፣ ተረት። እያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ።

ቲቸር ዕቅዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለች ሳትወድ በግድ።

«ጥሩ? ሚኒስትሮች ቢያዩት ያለቅሳሉ።»

«ሰባት ደቂቃው ነው የማይሆነው። ደግሞ ምነው በማርከር?»

«እንዳይለቅ ነዋ!»

«እኔ በእርሳስ የምጽፈው ልጆቹ ስለሚያርሙት ነው።»

«በሠላሳ አንድ ዓመት ተሳፋሪ አርሞኝ አያውቅም።»

ቲቸር ተነፈሰች። በሰባት ወር ውስጥ ዓይኑ እንዲህ ሲበራ አላየችም። «እሺ፣ ሐሙስ ያንተ ትሁን። ጉንዳን አልቅሳ ከወጣች ግን ሁለተኛ ወደዚህ ወረቀት እጅህን አትዘረጋም። በርህን ትቀባለህ።»

«ካልወጣችስ?»

«የቤቱ ሹፌር ሆነህ ትቀራለህ።»

«ከአሁኑ ኮፍያዬን ተኩሺልኝ» አላት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ አውሮፕላን ማረፊያ አክሎ ነበር፤ ሶፋው ወደ ጓዳ ከገባ በኋላ ማለት ነው። መሐል ላይ ስድስት ትንንሽ ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረዋል። ከፊት መጥረጊያ እንጨት ላይ የትልቁ ድስት ክዳን ታስሯል፤ መሪ መሆኑ ነው። ከክዳኑ በላይ የመላጫ መስታወት፣ ከሥሩ ባዶ ባልዲ፣ ባልዲው ሞተር። አውቶቡሱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ፌርማታዎቹ ናቸው ሳሎኑን ዙሪያውን የያዙት። ነርሷ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀመጠች። ቲቸር ግድግዳውን ተደግፋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

ጋሽ ደቂቃ ባለ ኮፍያ ሆኖ ገባና ክላክሱን በአፉ ነፋ። ሁለት ብርጭቆ ከመደርደሪያ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ተሳፋሪዎች ግቡ! ይህ አውቶቡስ ለንጉሥም አይጠብቅም!»

የመጀመሪያው ፌርማታ ልክ በሰባት ደቂቃ አለቀ። ልጆቹ ቁልፎቹን ለዩ፣ ተሳፈሩ፣ ጋሽ ደቂቃ ሚስቱን በመስታወቱ ጠቀሳት። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ ገንዳ ሙሉ ውሃ፣ ኩባያዎችና አንድ ጆግ። በሰባተኛው ደቂቃ ክላክሱ ጮኸ፤ አምስቱ ተሳፈሩ። ጉንዳን ግን ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ጆጉን በትንሿ ኩባያ ትሞላለች፤ ከንፈሯ በዝምታ ይቆጥራል።

«እመቤት፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው!»

«አልሞላም» አለች። የዚያን ቀን ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አውቶቡስ አይጠብቅማ፣ የኔ ልጅ።»

ቀና አላለችም። የታችኛው ከንፈሯ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነርሷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። ጋሽ ደቂቃ ይህን ሁሉ አየ፤ እጁ ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ አለበትና ማርሽ አስገባ። «ቡርርርር!» ተነሳ።

«ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የሠፈሩ ጸጉር አስተካካይ ልጅ ነበር፤ ወርዶ እየሮጠ ወደ ገንዳው።

«ኧረ በፌርማታ ነው የሚወረደው!»

«ወራጅ አለ!» አለች ሌላዋ።

«ወራጅ!» «ወራጅ!» «እኔም ወራጅ!»

ጋሽ ደቂቃ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ስድስት ባዶ ወንበር። አውቶቡሱን ባዶውን እየነዳ ነው! በሕይወቱ ዝናብ፣ ጎርፍ፣ የሰርግ አጃቢ ያላቆመውን ሰው አንዲት ኩባያ አቆመችው። ጮኾ ሊመልሳቸው ይችላል፤ ድምፁ ተራራ ይመልሳል። ግን ጉንዳን ልጆቹ ሲከቧት ጆጉን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላለች። አንድ ጊዜ ቢጮህ እንባው ይወርዳል፤ እንባው ከወረደ ስድስተኛ ልጅ የለም፤ ስድስተኛ ልጅ ከሌለ የቲቸር ቤት የለም። ሚስቱን አያት። እሷም የምትጠብቀው እሱን ነው።

ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም በሠላሳ አንድ ዓመት ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ነገር አወጣ።

«ሽሽሽሽሽ…! ኧረ ጉድ ፈላ! ተበላሸ!»

የቲቸር እርሳስ ከጆሮዋ ላይ ወደቀ።

«ሞተሩ ጋለ! ራዲያተሩ ደረቀ! ኧረ ውሃ ያለው ሰው፣ ውሃ!» ኮፍያውን አውልቆ ባልዲውን ያራግብ ጀመር።

ጉንዳን ጆጉን አስቀምጣ የሞላውን ኩባያዋን አየች። ባልዲውን አየች። ተነሳች። አንድ ጠብታ ሳታፈስ ሳሎኑን አቋርጣ መጥታ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችና «አንድ» አለች። አምስቱ ከኋላዋ ተሰለፉ።

«ሞላ?» ይላል ሹፌሩ።

«አልሞላም» ትላለች ጉንዳን፣ ባልዲው ላይ አጎንብሳ እንደ ዋና መካኒክ።

«ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አስር!» ብሎ ጮኸ የጸጉር አስተካካዩ ልጅ።

«ሠላሳ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል። ነርሷ ናት፤ ለካ እሷም እየቆጠረች ነበር። ቦርሳዋ መሬት ላይ ነው።

አርባ አንደኛው ኩባያ ላይ ጉንዳን ቀና አለች። «ሞላ። አሁን ንዳ።»

ነዳ። ኧረ እንዴት አድርጎ ነዳ! ስድስቱም ወንበር ሙሉ፣ የስድስቱም ካልሲ እርጥብ፤ ግድግዳዎቹ በንፋስ ያለፉ እስኪመስል ድረስ በረረ።

አራት ሰዓት ላይ ነርሷ ልጇን ልትወስድ ስትል ጉንዳን የወንበሯን እግር ይዛ አልለቅ አለች። «አሸዋው ጋ አልደረስንም!»

«ነገ እንደርሳለን» አላት ጋሽ ደቂቃ።

«እንግዲህ አሸዋው ሳይደረስ ላስቀራት አልችልም» አለች ነርሷ ወደ ቲቸር ዞራ። «የት ጋ ነው የሚፈረመው?»

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደቂቃ ጸጉር አስተካካዩ ጋ ተቀምጦ ነበር። «ብልሽቱን?» ይላል። «ብልሽቱን ለማቀድ ብቻ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል! የሙቀት መጠኑ ሳይቀር የታሰበበት ነው!»

ቤት ሲገባ ቲቸር ጠረጴዛው ላይ አዲስ ወረቀት አስቀምጣለታለች፤ አጠገቡ እርሳስና ላጲስ። ወንበርም ሳበችለት። ተቀመጠና የነገውን ጻፈ፤ ቁልፍ፣ ብልሽት፣ አሸዋ፣ ተረት።

«ብልሽቱ ስንት ደቂቃ ይሁን?» ብሎ ጠየቃት።

«አንተ ታውቃለህ፤ ሹፌሩ አንተ ነህ።»

«ሰባት» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አየው። ከዚያ ላጲሱን አንስቶ ራሱ አጠፋውና ብናኙን እፍ አለ።