የዳር ረድፍ በቆሎ

እጣ ዓይን የለውም። ዳይሬክተሩ በእጣ ላይ የነበራቸው ቅሬታም ይኸው ነበር።

በምርምር ማዕከሉ የበቆሎ ዝርያዎች ሲወዳደሩ ማሳው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ የትኛው ዝርያ የትኛው መደብ ላይ እንደሚዘራም በእጣ ይወሰናል። ይህ ለጨዋታ አይደለም። ለሙ አፈር፣ ውሃው፣ ጥላውና ፀሐዩ ለአንዱ ብቻ እንዳያደሉ ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ተምረውታል፤ ተፈትነውም አልፈዋል፤ ከዚያ ሹመት መጣና ረሱት። ራሳቸው አዳቅለው ያወጡት «ኩራት» የሚባል ዝርያ ነበራቸው። እጣው ኩራትን አንዴ ረግረግ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የአጥር ጥግ ከጣለባቸው በኋላ፣ እንግዳ በመንገድ በኩል እየመጣ የማዕከሉ ምርጥ ዘር ከኋላ መደበቁ የአስተዳደር ክፍተት መሆኑን ደረሱበት። ክፍተቱንም ሞሉት። ኩራት የመኪና መንገዱን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘራ። ነባሩ ዝርያ፣ ማለትም ገበሬው ዛሬም የሚዘራውና የሚበላው፣ ከማሳው ጀርባ ወዳለው ጫካ ተገፋ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሙከራው ኃላፊ አልነበረችም። እናቷን ለማስታመም ፈቃድ ወጥታ ነበር። ስትመለስ በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ የመዝሪያው ወቅት አልፏል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ይህችን ሴት «ክብሪት» ይላታል፤ ስሙን ያወጣላት ሰው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ተሳስቷል የሚል አልተገኘም። ማሳውን አየችና የያዘችውን ቦርሳ እንኳ ቢሮዋ ሳታደርስ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ጋ ገባች።

የዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ሪባን ሲቆርጡ በተነሷቸው ፎቶዎች ተሸፍኗል። ጠረጴዛቸው ላይ የላስቲክ በቆሎ ቆሟል፤ ማዕከሉ ውስጥ በሽታ ነክቶት የማያውቅ ብቸኛው በቆሎ እሱ ነው። ክብሪት እጣው የት ገባ ብላ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ በእርጋታ አስቀመጧት፤ ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት፤ ውሃ አስመጡላት።

«እህቴ፣ ጎበዝ ዝርያ የትም ቢዘሩት ጎበዝ ነው» አሏት።

«እንግዲያው የርስዎን ጫካው ሥር እንዝራው፣ ዶክተር።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ። ሰው ሲናደድ መሳቅ የአመራር ጥበብ ነው የሚል ሥልጠና ወስደዋል። ከዚያ ዋናውን ነገሯት። እንግዶች ማሳውን በሚጎበኙበት የመስክ ቀን የዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ ይመጣል፤ ኩራትን አይቶ ለገበሬ እንዲሰራጭ ይወስናል። ናሙናው እዚያው በእንግዶች ፊት ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም ከመንገዱ ዳር ካለው ረድፍ ነው፤ እንግዳ ጭቃ አይረግጥም። መዛኟ ደግሞ እሷው ራሷ ናት።

እዚህ ላይ ክብሪት ተቀጣጠለች። የዳር ረድፍ አይመዘንም። ይህ በሙያው ውስጥ የሚያከራክር ነገር አይደለም። የዳር በቆሎ በአንድ ወገኑ ጎረቤት የለውም፤ ፀሐዩን የሚሻማው፣ ውሃውን የሚጋራው የለም፤ የመንገዱ ቦይ ደግሞ እግሩ ሥር ይፈሳል። ብቻውን ገበታ እንደሚቀርብ ልጅ ይደልባል። ስለዚህ አጫጁ የዳሩን ረድፍ ጥሎ የመሐሉን ይመዝናል። የገበሬ ማሳ ሁሉ ዳር አይደለማ!

ዳይሬክተሩ በጥሞና አዳመጧት፤ አዝነውም አዩዋት። «በየዓመቱ በጣም ያማረውን በቆሎ እየጣላችሁ፣ ምርት አነሰ ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ» አሉ። «ይሄ እኮ ብክነት ነው።»

ክብሪት በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ ወጣች፤ የላስቲኩ በቆሎ ወደቀ።

ነገሩ በቢሮ ኩርፊያ የሚያልቅ ቢሆን ባልከፋ። ግን ታላቅ ወንድሟ ገበሬ ነው፤ እሷን ያስተማራትም በዚያው ነባር በቆሎ ነው። በዚያው ሳምንት ደወለ። ኩራት ከጸደቀ የነባሩ ዘር ከእንግዲህ አይባዛም መባሉን ሰምቷል።

«እታለም፣ አዲሱ እንዴት ነው? አሮጌውን ዘር ልብላው ወይስ ላስቀምጠው?»

«ቆይ ወንድም ጋሼ፣ አትብላው» አለችው። በስሟ የተዘራው በቆሎ መንገድ ዳር ቆሞ እያሳቀቃት ምን ትበል?

ኮሚቴውን የሚያሳምን ማስረጃ ነበር፤ ያውም የሩቅ አገር ማስረጃ አይደለም፣ እቤቷ ውስጥ ነው ያለው። ባሏ የደን ተመራማሪ ነው። ጫካው የሱ ነው፤ ማለትም በመንግሥት ወረቀት የሱ ባይሆንም በልቡ የሱ ነው። ገና ሳይጋቡ ጀምሮ እነዚያኑ ዛፎች ይለካል። እያንዳንዱ ግንድ ደረት ላይ በቀይ ቀለም ተሠምሯል፤ እዚያ መሥመር ላይ በየዓመቱ ሜትሩን ይጠመጥማል፤ የትኛው ወፈረ፣ የትኛው ሞተ፣ ከሥሩ የትኛው ችግኝ ተተካ እያለ ይከታተላል። ሰማዩን ሽቅብ እያየ የሚያነሳባት ክብ ሌንስ ያላት ካሜራም አለችው፤ ከቅጠሉ ክዳን ሥር ምን ያህል ብርሃን እንደሚደርስ የምትናገር። ከጫካው ወጥቶ በቆሎው ውስጥም አንስቷል። ጥላው ነባሩን ዝርያ ግማሽ ቀን ሙሉ እንደሚሸፍነው ፎቶው አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ምሳ ላይ ጠየቀችው። ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ጥላ ብትያቸው የሚሰሙት መጋዝ ነው» አላት።

ትክክል ነው፣ እሷም ታውቃለች። ዳይሬክተሩ ችግርን ከሥሩ የሚነቅሉ ሰው ናቸው። ጫካው አጠገብ ቆመው «ዛፍ ማን ይበላል?» ማለታቸውን ማዕከሉ በሙሉ ሰምቷል። ጥላ አስቸገረ ከተባለ ጥላውን የሚጥሉት ዛፎች ይወድቃሉ፤ የባሏ የዕድሜ ልክ ሥራ አብሮ ይወድቃል፤ እሳቸውም ለምርምር ምቹ ሁኔታ ፈጠሩ ተብለው ይጨበጨብላቸዋል።

«ስለዚህ ወንድሜ ያንን ገለባ ይዝራ?»

«አላልኩም።»

«ዛፍ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ በዓመት አንዴ ወገቤን እያቀፍክ ትለካኝ ነበር።»

«ሞክሬ ነበር፤ አንቺ ዝም ብለሽ አትቆሚም።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ጥርሷን ነከሰች፤ ተቆጥቶ የሚስቅ ሰው ክርክር አያሸንፍም። ባሏ ተነስቶ ፎቶዎቹን በፖስታ አመጣና ከሳህኗ ጎን አስቀመጠ።

«ውሰጂው፤ አልከለክልሽም። እውነቱ ይኼው ነው፤ ለወንድምሽም ይገባዋል። ብቻ የምታሳዪ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ዛፎቹ ጋ ልሂድ።»

ከልክሏት ቢሆን ይቀላት ነበር። ተጣልታ ትቀማው ነበር። እሺ የሚልን ሰው ግን በምን ይጣሉታል?

በቆሎው አፍርቶ የመስክ ቀን ደረሰ። መንገዱ ዳር ድንኳን ተተከለ፤ ጭቃው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ምንጣፉም በቆሎው ጫፍ ላይ ሲደርስ አበቃ፤ ሳይንስ ከዚያ ወዲያ አይሄድም ማለት ነው። ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ዳይሬክተሩ ስለ ኩራት ተናገሩ፤ ንግግራቸው ላይ «አብዮት» የሚለው ቃል በቆሎ ከሚለው ይበልጥ ተደጋገመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁሉም ፕሮፌሰር የሚሏቸው አሮጊት፣ ከፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዳይሬክተሩን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ተኝተው ይሁን አፍረው አልታወቀም።

ናሙናው ከመንገዱ ዳር ተቆረጠ። የኩራት በቆሎ እውነትም ክንድ ያክላል። ክብሪት መዘነች፤ የመድረክ መሪው ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ አነበበ፤ ጭብጨባው ድንኳኑን አነቃነቀው። ቀጥሎ የነባሩ ከጫካው ጥግ መጣ፤ የቀጨጨ፣ የገረጣ፣ ለማዘን እንጂ ለመብላት የማይጋብዝ። እሱንም መዘነች። አንዳንዱ እንግዳ ሳቀ። እንዲህ ባለ ውሸት ውስጥ እጇን ነክራ አታውቅም።

«ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?» አሉ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ዘርግተው።

ፕሮፌሰሯ ዓይናቸውን ገለጡ። «እስቲ መዛኟ ትናገር። አንቺ ምን ትያለሽ ልጄ?»

ፖስታው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ምላሷ ላይ ያለው ቃል «ጥላ» የሚል ነው፤ ቀና ብላ ስታይ ግን ባሏ ከእንግዶቹ ኋላ ቆሟል። ወደሷ አላየም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ዛፎቹን ያያል፣ ሰው የታመመ ዘመዱን እንደሚያይ። ቃሉን ዋጠችው። መዋጥ ስለማትችልበት አስሳላት። ዓይኗን ከዛፎቹ ስታወርድ የበቆሎው መሐል ላይ አረፈ፤ ማንም ያልረገጠው፣ ምንጣፍ ያልደረሰበት። ኩራትና ነባሩ ጀርባ ለጀርባ የሚገናኙት እዚያ ነው። እዚያ ቦይ የለም። የዛፎቹም ጥላ አይደርስም። እዚያ ለሁለቱም ያው ፀሐይ ነው፣ ያው ግፊያ ነው። ያን ሁሉ ቀን በጥላው ስትናደድ፣ የሚመዘነው መሐሉ ነው የሚለውን የራሷን ሕግ ረስታው ኖራለች።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጫማዎን ላቆሽሽብዎት ነው» አለች።

ዳይሬክተሩ ጭቃ እንዳለ፣ እባብም እንደማይጠፋ፣ ምሳም እንደሚበርድ ባንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ፕሮፌሰሯ ግን ተነስተው ቀሚሳቸውን ሰብስበዋል።

«ልጄ፣ አንተን ያስተማርኩህ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው» አሏቸው። «ያኔ ታዲያ ከፊት ነበር የምትቆመው።»

ገቡ። ሁለተኛውን ረድፍ እንዳለፉ ክንድ የሚያክለው በቆሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ያለው ኩራት አገዳው ቀጭን፣ ያፈራው በቆሎ አውራ ጣት የሚያክል፣ ልባሱ ሲገለጥ ፍሬው እዚህም እዚያም የጎደለ፣ የረገፈ ጥርስ ይመስላል። ፕሮፌሰሯ አንዱን ሸለቀቁ፤ ሌላውን ሸለቀቁ፤ ሦስተኛውን ዳይሬክተሩ ራሳቸው እንዲሸለቅቁ ሰጧቸው። ከዚያ ሁለቱ ዝርያዎች የሚገናኙበት ቦታ ደረሱና ነባሩን ሸለቀቁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍሬ ገጥሟል። ትልቅ አይደለም፤ ግን ሙሉ ነው። ማንም አልሳቀም።

ፕሮፌሰሯ ቀና ብለው ወደ ጫካው አዩ፤ ጥላው የተጋደመበትን መሬት አዩ፤ ቀይ ቀለም የተሠመረባቸውን ግንዶች አዩ፤ ኮፍያውን የያዘውን የክብሪትን ባልም አዩ። ከዚያ ወደ ክብሪት ጆሮ ጠጋ አሉ።

«የጥላውን ነገር ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጋዝ አለ፣ ፕሮፌሰር።»

የአሮጊቷ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ለኮሚቴው የተናገሩት ግን ደረቅ ነበር። ኩራት አልጸደቀም። የነባሩ ዘር መባዛቱን ይቀጥላል። ሙከራው በመጪው ወቅት በእጣ ይደገማል፤ የዳር ረድፍ አይመዘንም፤ ማሳው ከጫካው ይርቃል፤ በመሐሉም ባዶ የመሬት ሰቅ ይተዋል። ስለ ዛፍ ቃል አልተነፈሱም።

ዳይሬክተሩ ሸሚዛቸው ላይ የተጣበቀውን የበቆሎ ፀጉር አራገፉና ድምፅ ማጉያውን ጨበጡ። ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ ማዕከሉ እንግዶቹን እስከ ማሳው መሐል ድረስ ያስገባው በእሳቸው የግልጽነት መርህ መሆኑን አበሰሩ። ተጨበጨበ። ሰው ርቦት ነበር፤ ምሳው እንዲቀርብለት ለማንኛውም ነገር ያጨበጭባል።

ክብሪት ከድንኳኑ ጀርባ ሄዳ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ የያዝከውን ዝራው።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ መንገድ ዳር መሬት ላለው ነው» አለችው። ወንድሟ አልገባውም፤ ደስታዋ ግን ገባው።

ባሏ ፖስታውን ሲቀበላት እንዳልተከፈተ አየ። አመሰግናለሁ አላላትም። ኮፍያውን አናቷ ላይ ደፋላትና ወደ ዛፎቹ ሄደ፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ባዶው ሰቅ ግን ብዙ ባዶ አልሆነም። ዳይሬክተሩ ሥራ ፈት መሬት ማየት አይችሉም። በሳምንቱ ጠጠር አስፈሰሱበትና የመኪና ማቆሚያ አደረጉት። የመጀመሪያዋ መኪና የሳቸው ነበረች፤ ፀሐይ አቅጣጫዋን ስትለውጥ የጫካው ጥላ መኪናዋ ላይ አረፈ። ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍተው ሲቀመጡ ወንበሩ አላቃጠላቸውም። ሰውዬው ስለ ዛፍ የነበራቸው አቋም የተለወጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው። በንጋታው ጫካውን የነካ በሕግ ይጠየቃል የሚል ማስታወቂያ በፊርማቸውና በማኅተማቸው ወጣ፤ የክብሪት ባል ለዓመታት ደጅ ጠንቶ ያጣው ጥበቃ በአንድ የመኪና ወንበር ተገኘ።

ማስታወቂያው በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ትልቁ ዛፍ ላይ በምስማር ተመታ፤ ልክ ደረት ላይ፣ ባሏ ሜትሩን በሚጠመጥምበት ቀይ መሥመር ላይ።

ባሏ ቆሞ አየው። ክብሪት ቱግ ብላ ቆርቆሮውን ልትነቅል እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ ተይው» አላት ሜትሩን እያወጣ። «ከምስማሩ በላይ አዲስ መሥመር አሠምራለሁ።»