የልብስ ሳሙና

«አላህ ያጥናችሁ» አለች ባለሱቋ ሩቅያ፣ ሳሙናውን ከመደርደሪያው እያወረደች። «ማን አረፈባችሁ?»

እቴነሽ ግራ ገባት። የልብስ ሳሙና ስጭኝ ከማለት በቀር የተናገረችው ነገር አልነበረም። ሩቅያ ግን እቴነሽን ፊቷ ገርጥቶ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ስታያት ሳሙናው ለሬሳ ማጠቢያ መስሏታል።

«ኧረ ማንም…» አለችና አቆመች። «የባሌ ወንድም ነው።»

ሩቅያ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሳሙናውንም በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት።

የጢም ሳሙና እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ከጣሊያኖቹና ከጸሐፊዎቻቸው በቀር የሚገዛው የለም። የገበሬ ሚስት ብትጠይቅ ወሬው ሳይመሽ ኬላ ይደርሳል።

ባሏ ይርጋ ጓዳ ውስጥ፣ ከጎተራው ጀርባ ተኝቷል። ሁለት ዓመት ከአርበኞች ጋር ጫካ ከርሞ፣ እግሩን ጥይት መትቶት የመጣ ነው። ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። የቀራቸው ተስፋ የወንዛዬ ፍልውሃ ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ በበቅሎ የደብረ ታቦርን ኬላ ማለፍ ግድ ነው። ጠላት ሳይወጣ አልቆርጠውም ብሎ የማለበት ፀጉርና ጢም ግን ከሩቅ ያስይዘዋል።

ውሃ አሞቀች። ፀጉሩ በመቀስና በምላጭ ወረደ። ጢሙ ላይ ስትደርስ አረፋው አስቸገራት፤ ምላጩ ሳይደርስበት ይደርቃል፣ ደግማ ብትቀባው ደግሞ ይደርቃል። ምላጩ እየተንገጫገጨ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል።

«በግ ነው እንዴ የምትገፊው፣ አንቺ?»

«ዝም በል፣ ከንፈርህን እቆርጠዋለሁ።»

«ቁረጪው። ሁለት ዓመት ምን ሠራሁበት!»

ሳቀች፤ ወዲያው ደሙን አይታ እጇ ቆመ። ጉንጩም አገጩም፣ ከመንጋጋው በታች አንገቱም ተልጧል። ያየው ሁሉ ገና አሁን ጢሙን እንደተላጨ ያውቅበታል።

ያን ጊዜ የሩቅያ ቃል ትዝ አላት። የቅርብ ሰው የሞተበት ራሱን ይላጫል፣ ፊቱን ይነጫል።

«ወንድምህ ሞቷል እንላለን» አለችው።

«ማሩ? በቁሙ ልትቀብሪው?»

«እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ይርጋ ፊቱን ሰጣት። ከዓይኖቹ በታች በጥፍሯ ነጨችው።

በማግስቱ ጠዋት ኬላው ላይ ጣሊያኑ ወታደር አንዴ አይቷቸው እለፉ ብሎ እጁን አወዛወዘ። አብሮት የቆመው ባንዳ ግን የዚያው አገር ልጅ ነበር።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ወንድሙ» አለች እቴነሽ።

«ነፍስ ይማር። እሱስ ወዴት ነው?»

«ቁርጥማት ይዞት ነው፣ ወንዛዬ ላስጠምቀው።»

ባንዳው ወደ በቅሎዋ ተጠጋ። የይርጋን አገጭ በጣቱ ቀና አድርጎ አንገቱን ረጋ ብሎ አየው።

«እኔም አባቴ ሲሞት ፊቴን ነጭቻለሁ» አለ። «ግን እህቴ፣ ለሞተ ሰው አንገቱን ከአገጩ ሥር የሚነጭ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እቴነሽ የበቅሎዋን ልጓም ሳበች።

«እሷን ተዋት» አለ ይርጋ። «የምታውቀው ነገር የለም።»

ባንዳው ጣሊያኑን ጠራው። ይርጋን ከበቅሎዋ አወረዱት። ቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት ሰቀሉት፤ እቴነሽን ሦስት ሳምንት አስረው ለቀቋት።