ለጊዜው የታጠረ መንገድ

መሀል ከተማው መልሶ ይለማል ከተባለ ወዲህ የልብስ ሰፊዋ ሥራ ዝንብ እሽ ማለት ሆኖ ቀረ። ልማቱ እስካሁን ያፈራው ነገር ቢኖር ከሱቆቹ ፊት ለፊት የተገተረው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አጥሩ ሲተከል የልማት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች «ለጊዜው ነው» ብለው ነበር። ቀጥሎ በአጥሩና በሱቆቹ መሀል የቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ተቆፈረች፤ እሱም ለጊዜው ነው ተባለ። ከዚያ ቆፋሪዎቹ ለጊዜው ሌላ ቦታ ተፈለጉና ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። መተላለፊያው ጭቃ ሆነ፣ አጥሩ ዛገ፣ «ለጊዜው» ግን ዛሬም እንደ አዲስ ነው።

እውነት ለመናገር ሰፈሩ ከዚያ በፊትም ደህና አልነበረም። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ገበያተኛውም በከተማው ዳር ወደተሠራው ባለ ፎቅ የገበያ ማዕከል ኮብልሏል። ስለዚህ ገና ልማት ሲባል ከሁሉም ቀድማ ያጨበጨበችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። አሁን ያንን ጭብጨባ ባስታወሰች ቁጥር በገዛ እጆቿ ትናደዳለች።

በአጥሩ ማዶ፣ እግረኛው በሚያልፍበት በኩል፣ የወደፊቱ መንገድ ሥዕል ተለጥፏል፦ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ የያዘች ቀጭን ሴት። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ እሷና ጎረቤቶቿ አሉ። ሱሪ ማሳጠር የፈለገ ሰው እስከ አጥሩ መጨረሻ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ጭቃውን እየዘለለ ወደ እሷ መመለስ አለበት። ለአንድ ሱሪ ብሎ ማን ይህን ሁሉ ይደክማል? እንደረዘመ ይለብሰዋል እንጂ።

ልጇ ነጋ ጠባ ትደውላለች። «እማዬ፣ ተይው በቃ! የስፌት መኪናሽን ሽጪና ነይ። አንድ ክፍል አለልሽ፤ ልጆቹን እያየሽ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ።» ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ ለእናቷ አስባ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ባሏ ከሞተ በኋላ ያቺን ልጅ ያሳደገችው በዚህች ሱቅ ነው። የልጅ ቤት ቢሆንም ሰው ቤት ጥግ ይዞ መቀመጥን ገና ስታስበው ሆዷ ይባባል። በመጨረሻ መከራከሩ ሰልችቷት «አጥሩ ላይ በር ካልከፈቱልን እመጣለሁ» ብላ ቃል ገባች።

በር ሲባል ትልቅ ነገር አይደለም። ከሱቋ ትይዩ ሁለት ቆርቆሮ ተነስቶ ሰው ይለፍ ነው እሷና ጎረቤቶቿ ያሉት። ተመላልሰው ለመኑ፤ ጽሕፈት ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኋላ ላይ ግን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሱ መጥቶ፣ በዓይኑ አይቶ እንደሚወስን ተነገራቸው።

ጎረቤቶቹ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተሰበሰቡ። ሰፈሩ ይህን ሰው «ሬዲዮ» ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለምና።

«ሁሉንም እንዳለ ይየው» አለ ሬዲዮ። «ጭቃውን ይርገጥ፣ ባዶ ወንበሮቼን ይመልከት።»

«ኧረ በሞቴ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጭቃ አስረግጠን እንግዳ ልንቀበል? ደግሞስ ባዶ ቤት አይቶ ‹ይሄ የሞተ ሰፈር ነው፣ ጠራርጋችሁ አፍርሱት› ቢልስ?»

«እውነቷን ነው» አለ መጻሕፍት ሻጩ ሽማግሌ። «ለማናውቀው ሰው ገመናችንን ምን አስዘረገፈን?»

ገመና ከተባለ በዚያ ሰፈር ነገር አለቀ። እዚያ የታመመ ሰው እንኳ ጠያቂ ሲመጣበት ከአልጋው ቀና ብሎ «አሁንማ ደህና ነኝ» ይላል። ሬዲዮም አጉረምርሞ ተስማማ።

ኃላፊው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ጭቃው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ተነጠፈ። መስኮት ተወለወለ፣ ደጅ ተጠረገ። ሬዲዮ አማቾቹን ሰብስቦ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ አስመሰላቸው፤ አንደኛው ራሰ በራ መሆኑን ያሰበበት አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ የገዛ ቀሚሶቿን ከቁም ሣጥን አውጥታ፣ ደንበኛ ያዘዘው መስሎ እንዲታይ በመስኮቱ በኩል ሰቀለች። ታናሽ እህቷንም ጠርታ ለልክ አቆመቻት።

ኃላፊው ጫማው እያብረቀረቀ መጣ። ጣውላውን ጠንቀቅ ጠንቀቅ እያለ ተሻገረ፤ አንዲት ጠብታ ጭቃ አልነካችውም። ሬዲዮ ጋ ወረፋውን አየ። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርስ እሷ የእህቷን ትከሻ እየለካች ነበር።

«ጎበዞች!» አለ ኃላፊው። «ለእኔ የነገሩኝ ሌላ ነው። ሰው ዝር አይልም፣ ልንዘጋ ነው ትላላችሁ ብለውኝ ነበር። እናንተ ለካ ሥራ በሥራ ናችሁ! እንዲህ ከሆነማ በሩ ምን ያደርጋል? ቁፋሮው እስኪቀጥል አጥሩ ለጊዜው ባለበት ይቆይ።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ደጃፉ ላይ የቆመው ሬዲዮ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ሁሉም እሷን አዩ፤ ሐሳቡ የእሷ ነበራ። አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ግን የልጇ ቤት፣ ያቺ ጥግ፣ ድቅን አለችባት።

«ጌታዬ» አለች፣ «ይቺ እኮ እህቴ ናት።»

«እህት ታዲያ ልብስ አታሰፋም?» አለና ሳቀ።

«የተሰቀለውም ልብስ የራሴ ነው። እዚያ የተሰለፉት የሱ አማቾች ናቸው። ራሰ በራውን አላዩትም? ምኑን ሊቆረጥ ነው ወረፋ የያዘው?»

ኃላፊው የባሰውን ሳቀ። «እናንተ እናቶች መቼም ትሕትናችሁ! ሞልቶላችሁም አልሞላልንም ነው የምትሉት።»

ገመናዋን በገዛ አፏ አውጥታ የሚያምናት ስታጣ አንጀቷ አረረ። ሜትሩን እህቷ ትከሻ ላይ ጥላ ወጣች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና አንዱን ጣውላ ከጭቃው ነቅላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ቀጥሎ ሁለተኛውን ነቀለች።

«አንቺ፣ አበድሽ እንዴ?» አለች እህቷ።

«ደጄን እያሳየኋቸው ነው።»

ነገሩ ለሬዲዮ ቶሎ ገባው፤ ሮጦ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። አማቾቹም ተነሱ፣ ራሰ በራው ከሁሉም ቀደመ። ከአፍታ በኋላ ከሱቋ ደጃፍ እስከ አጥሩ መጨረሻ ጭቃ ብቻ ሆነ።

«በሉ እንግዲህ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ደንበኞቼ የሚመጡበት መንገድ ይሄ ነው። በሰላም ይግቡ።»

ኃላፊው ጭቃውን አየ፣ ጫማውን አየ። አንድ እግሩን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ሾፌሩ መኪናውን ይዞ የሚጠብቀው ከአጥሩ ማዶ፣ ልክ ከሱቋ ትይዩ ነው። ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ደወለለትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አዘዘው። ሾፌሩ ከመኪናው መፍቻ አምጥቶ ሁለት ቆርቆሮ ፈታ፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው ቀጭን ሴት ከነጥላዋ ከወገቧ ተከፈለች። ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አንድ ጣውላ መልሳ ወደ ክፍተቱ ዘረጋችለት።

ኃላፊው ተሻግሮ መኪናው ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ቆርቆሮዎቹን ሊመልስ ሲያነሳ ጎረቤቶቹ ሁሉ ክፍተቱ ላይ ተደርድረው አፈጠጡበት። ኃላፊውም ከተቀመጠበት ሆኖ አያቸው።

«ተወው» አለ ለሾፌሩ፤ «ለጊዜው ይቆይ።»

«ሰማሽ?» አለ ሬዲዮ መኪናው ሲርቅ። «ለጊዜው ነው ያለው።»

«ሰምቻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። አጥሩም የቆመው ለጊዜው ነበር።

እጇን ሳትታጠብ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት። «እሺ እማዬ፣ ምን ወሰኑ? መኪና ልላክልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንዲት መንገደኛ በክፍተቱ አንገቷን አስግጋ ገባች። የልጅ ዩኒፎርም በላስቲክ ይዛለች። «እዚህ ልብስ ሰፊ አለ እንዴ? ዚፑ ተበላሽቶብኝ ነበር» አለች።

«ቆዪ ልጄ፣ በኋላ ደውዪ» አለች ልብስ ሰፊዋ በስልኩ። «ደንበኛ መጥቶብኛል።»