ዶክተሩ ያጠባቸው ሳንቲሞች

የጥርስ ሐኪሙ ከራሱ በስተቀር ሰው ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ያምናል። አባቱ ሲሞቱ፣ ትተዋቸው ከሄዱት አሮጌ የብር ሳንቲሞች ግማሹ የደረሰው እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው። ሳንቲሞቹ የሚጠብቃቸውን ቢያውቁ ኖሮ አብረን እንቀበር ባሉ ነበር።

አባትየው የመርከብ መካኒክ ነበሩ። በረገጡት ወደብ ሁሉ አንድ አሮጌ ሳንቲም አፈላልገው ሳያገኙ ወደ መርከባቸው አይመለሱም። የቀረው ግማሽ የታላቅ እህቱ ድርሻ ሆነ። እሷ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ጉዳይ ይበዛባታል። ሳንቲሞቹን አባቷ በጠቀለሏቸው ወረቀት እንዳሉ ተቀብላ ቁም ሣጥኗ መሳቢያ ውስጥ፣ ከትርፍ አንሶላዎች አጠገብ ከተተችና እርግፍ አድርጋ ረሳቻቸው።

ሐኪሙ አንድ ቀን ሊጠይቃት ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ፤ ሊያብድ ደረሰ።

"የአባት ቅርስ እንዲህ ነው የሚያዘው፣ እታለም? ካዝና የለ፣ ቁልፍ የለ! ጥቁርቁር ብለዋል እኮ!"

"አባዬም እንዲሁ ነበር የሚያስቀምጣቸው።"

"አባዬማ ጥርሱንም በጨው ነበር የሚያጥበው! ስጪኝና እኔ ሰው ላድርጋቸው።"

ዳይሬክተሯ መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። በእሷ ቋንቋ ይህ ስብሰባው አበቃ ማለት ነው። ወንድምየው ተቀይሞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በሰው በኩል ሆነ።

ሐኪሙ እልህ ተጋባ። ክሊኒኩ ታካሚ ሲያጣ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ያክም ጀመር፤ ማደንዘዣ ብቻ ነው ያልወጋቸው። ጥርስ የሚያነጣበትን አሸዋማ ቅባት ይቀባቸዋል፣ በሚሽከረከረው ብሩሽ ይፈትጋቸዋል፣ ያለቀልቃቸዋል። የስንት ዘመን ጥቁረት ለቆ ብሩ እንደ አዲስ ማንኪያ ሲያብለጨልጭ ልቡ ቅቤ ትጠጣለች። ከዚያ ለፎቶ በተሠራ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ይከታቸውና ካዝና ውስጥ ይቆልፍባቸዋል።

ካዝናውን ያስቀመጠው መሣሪያ የሚቀቀልበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ሌባ አይገባበትም። እውነቱን ነው፣ ሌባ አልገባበትም። የገባው እንፋሎት ነው። እሱም ቢሆን ምንም አልሰረቀም፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ሲተኛ ከርሞ ያገኘውን ሁሉ አረጠበ እንጂ።

የከተማው አሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ያለህን አምጥተህ አሳየን ሲለው ደስታው ወሰን አጣ። ካዝናውን ከፈተ። ፕላስቲኩ ከሳንቲሞቹ ጋር ተጣብቋል፤ ሲያላቅቀው የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር ጣቱ ላይ ቀረ። ደነገጠ፤ ግን ምን ገዶት! ብሩሹን አንሥቶ እንደገና ፈተጋቸው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አጉሊ መነጽር ከአንገታቸው የማይለይ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጋሽ አጉሊ ይላቸዋል። አባትየው ከሁሉ አብልጠው ይወዱት የነበረውን፣ የአንዲት ንግሥት ምስል ያለበትን ሳንቲም ጠርዝና ጠርዙን ይዘው አዩት። ገለበጡት። ደግመው አዩት።

"ያበራል" አሉ።

"ደክሜበታለሁ፣ ጋሼ!" አለ ሐኪሙ ደረቱን ነፍቶ።

"የንግሥቲቱ አፍንጫ የት ሄደ?"

"እ... አርጅቶ ይሆናላ።"

"ስታረጅ አልሄደም፤ ስትታጠብ ነው የሄደው። በምንድን ነው ያጠብካት?"

ሐኪሙ ቅባቱንም፣ ብሩሹንም፣ ፕላስቲኩንም፣ አረንጓዴውንም ነገራቸው። አንድ ሰውዬ ከኋላ ሻዩ ትን አለው። ጋሽ አጉሊ ግን አልሳቁም።

"ልጄ፣ ብር እኮ ጥርስ አይደለም። ጥቁረቱ ልብሱ ነው፤ አንተ ገፈህ ቆዳውን ጨምረህ ላጥከው። አረንጓዴው ደግሞ የዚያ የለስላሳው ፕላስቲክ ሥራ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ብሩን ይበላል። ለመሆኑ፣ ሳይታጠብ የተረፈ የለም?"

"እህቴ ዘንድ አሉ።"

"ምን አደረገቻቸው?"

"ምንም! ምንም አላደረገችም እኮ!" አለ፤ አሁንም መክሰሱ ነበር።

"ተመስገን!" አሉ ጋሽ አጉሊ። "በል ሂድና፣ ምንም አለማድረጓን እንድትቀጥል ለምናት።"

ዳይሬክተሯ በሩን ስትከፍት ወንድሟ የሕመም ፈቃድ እንደሚጠይቅ ተማሪ ቆሟል። የሆነውን ነገራት። ግድግዳውን ደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ንግሥቲቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት፤ ሳቋ ቆመ።

"አባዬ ይቺን..." አለችና ተወችው።

"ንጹሕ ላደርጋት ብዬ ነው፣ እታለም። ደስ እንዲለው።"

ያን ጊዜ ያ የሰው ጥርስ ሲነቅል እጁ የማይንቀጠቀጥ ጎልማሳ፣ እህቱ ሳሎን ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ መሳቢያውን ከፍታ ጥቅሎቹን አመጣች።

"እጅህን ታጠብና በደንብ አድርቅ" አለችው።

ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግታ ጥቅሎቹን ፈታች። ሳንቲሞቹ ጠቁረዋል፤ አንዳንዶቹ ጥቁረታቸው ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ ላያቸው ላይ ያሉት ፊቶች ግን ከነአፍንጫቸው ናቸው። ሐኪሙ እጁን ሲሰድ መታ አደረገችው።

"በጠርዙ!"

አንዱን በጠርዙ ያዘው። ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ አየውና፣ "ይሄማ ማዕበል በያዛቸው ጊዜ የገዛው ነው። መርከቡ እስኪጠገን ወደብ ላይ ከርመው፣ አባዬ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ተጣልቶ..." አለ።

"ይሄን ታሪክ አላውቀውም" አለች እህትየው።

"አታውቂውም? አንቺ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርሽ ለካ!"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "በል ንገረኝ" አለችው።